አርሲ ነገሌ ላይ በርሜል ያነደደ ሰው

ናዝሬት ተወልዶ ያደገ ሰው ብርድን የሚያውቀው በወሬ ነው። እኔም ብርድ የሚባለውን ነገር የተዋወቅሁት ከአዲስ አበባ ሊጠይቁን የሚመጡ ዘመዶቻችን ለብሰውት በሚመጡት ሹራብ ነበር። ቤት እንደገቡ ያወልቁትና ምስማር ላይ ይሰቅሉታል፤ እስኪሄዱ ድረስ ማንም አይነካውም። እኛ ልጆቹ ሹራቡን እየዳሰስን "ሰውዬው ምን ቢያጠፋ ነው ይህን የሚያለብሱት?" እንባባል ነበር። አጋንኜ ይሆናል፤ ቢሆንም ብዙ አይደለም።

እንዲህ ያለውን ሰው ነው እንግዲህ መንግሥት ጂኦግራፊ እንዲያስተምር አርሲ ነገሌ የመደበው። ዘመኑ የደርግ ነው፤ "እዚያ አልሄድም" የሚባልበት ዘመን አልነበረም። የነገሌ ሰው "እዚህ እኮ ብርድ የለም፤ ብርድ ያለው ኮፈሌ ነው" እያለ ያጽናናኛል። እኔ ግን ኅዳር ሲገባ ሱሪ በሱሪ ላይ ደርቤ ነበር የማስተምረው። ስለ ደጋና ስለ ወይና ደጋ ደህና አድርጌ አስረዳና ቆላው ላይ ስደርስ ድምፄ ይሰባበርብኛል። ተማሪዎቼ የቆላ ትምህርት በጣም ከባድ ቢሆን ነው መምህሩን እንዲህ የሚያደርገው ብለው አስበው መሰለኝ፣ ፈተና ላይ ከሁሉም አብልጠው የሠሩት እሱን ነው።

የራሴን ብርድ ችዬው ነበር። ከበርሜል ጋር ያገናኘኝ የሌላ ሰው ደረት ነው። ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ይባላልና ሥሩን ልንገራችሁ።

ናዝሬት ውስጥ መድኃኒት ቤት የምትሠራ ሶስና የምትባል ልጅ ነበረች። እሷም እኔም ሰው "ጴንጤ" ከሚላቸው ወገን ነን። ያኔ የምናመልክበት ቤት ታሽጎ ስለነበረ በየሰው ሳሎን እየተደበቅን ነበር የምንጸልየው። መዝሙሩ በሹክሹክታ ስለሆነ፣ ሶስና ድምፀ መረዋ መሆኗን ያወቅሁት ከተዋወቅን ከብዙ ወራት በኋላ ነው። እስከዚያ ድረስ ትንፋሿን ሰምቼ ብቻ ነው የወደድኳት።

አባቷ ጋሽ መኮንን የቤት ዕቃ ነጋዴ ነበሩ። ከአማኞቹ ሁሉ በጥብቅነታቸው የሚፈሩ፣ ውሸት ከአፋቸው የማይወጣ፣ ቀልድም እምብዛም የማይወጣ ሰው ናቸው። ስለ መጠጥ ክፋት መምከር ከጀመሩ ሰሚው ጠላ ቤት ባለበት መንገድ ማለፍ ያስጠላዋል። የሳል ሽሮፕ እንኳ ቢታዘዝላቸው፣ አልኮል እንደሌለበት ሶስና ጽሑፉን ሳታነብላቸው አይጠጡም። ከብዙ ሳል የዳኑት በጸሎት ነው ይባላል።

እኚህ ሰው ዘንድ ሽማግሌ ላክሁ።

"ልጁ ጨዋ ነው፤ አልክድም" አሏቸው። "ነገር ግን የሶስና ደረት ብርድ አይችልም። ከልጅነቷ ጀምሮ ብርድ ባገኛት ቁጥር ትንፋሽ ያጥራታል። ሙቅ ቤት እንዳለው በዓይኔ ሳላይ አልሰጥም። ከሰል አነዳለሁ እንዳይለኝ፤ ከሰል በር ተዘግቶ ሰው ይገድላል። እንጨት አነዳለሁም እንዳይለኝ፤ ጭሱ ከብርዱ ይብስባታል።"

ሽማግሌዎቹ ይህን ይዘው ሲመለሱ ፊታቸው የለቅሶ ቤት ፊት ነበር። እኔ ግን ደስ አለኝ። እምቢ አላሉማ። የሚሞቅ፣ የማያጨስ፣ የማይገድል እሳት አምጣ ነው ያሉኝ። በተፈጥሮዬ "አይቻልም" ሲሉኝ እጄን የሚበላኝ ሰው ነኝ። ሶስና ይህን ጠባዬን ስለምታውቅ "እባክህ፣ መጀመሪያ የሚያውቅ ሰው ጠይቅ" አለችኝ። የሚያውቁት ሰዎች ግን አልጋዬ ራስጌ ነበሩ።

በዚያን ጊዜ ከወዳጅ ሶሻሊስት አገሮች የሚመጡ ባለቀለም መጽሔቶች በየትምህርት ቤቱ ይታደሉ ነበር። ወረቀታቸው ግሩም ስለሆነ ሰው ሁሉ ደብተር ይለብድባቸዋል፤ ግድግዳ ይለጥፍባቸዋል። የኔም ክፍል ከእኔ በፊት የነበረው ተከራይ ከላይ እስከ ታች በመጽሔት ለጥፎት ነበር። ከትራሴ በላይ ያለው ገጽ ላይ የባቡር ሐዲድ ሠራተኞች በበረዶ በተከበበች ጎጆ ውስጥ አንድ በርሜል ከበው ተቀምጠዋል። በርሜሉ በር አለው፤ በሩ ውስጥ እሳት ይታያል፤ ከአናቱ ቧንቧ ወጥቶ ጭሱን ወደ ውጭ ይወስዳል። ሰዎቹ በካናቴራ ሆነው ይስቃሉ። ከሥሩ የተጻፈው በማላውቀው ፊደል ስለነበረ፣ የአሠራሩን ዝርዝር የተረዳሁት ከሣቃቸው ነው።

ለካ መልሱ ዓመት ሙሉ ራስጌዬ ላይ ተለጥፎ ኖሯል።

በርሜሉን የገዛሁት ናዝሬት ነው። ዘይት የነበረበት፣ ጤነኛ፣ ወፍራም በርሜል። አውቶቡስ ጣሪያ ላይ አስጭኜ ስመለስ መንገድ ላይ ያለ ኬላ አስቆመን። ፀሐዩ አናት ይበሳል። ፈታሹ ወታደር ከላብ የተነሣ ሸሚዙ ጀርባው ላይ ተለጥፏል።

"ይሄ በርሜል የማነው?"

"የኔ ነው ጓድ።"

"ምን ልታደርግበት ነው?"

"ቤት ላሞቅበት።"

ወታደሩ ፀሐዩን አየ፤ እኔን አየ፤ በርሜሉን በአፈሙዙ አንኳኳው። ባዶ ነው። ክርክር ይገጥመኛል ብዬ ስለ ከፍታና ስለ አየር ጠባይ ትምህርት ቤት የምሰጠውን ማብራሪያ ማዘጋጀት ስጀምር፣ ለሾፌሩ በእጁ ምልክት ሰጠው። "ሂዱ፤ ይሄኛው ሙቀቱ አናቱ ላይ ወጥቶበታል" አለ። ተሳፋሪው እስከ ዝዋይ ድረስ ሲስቅብኝ ሄደ። እኔ አልተናደድኩም። አዲስ ነገር የሚሠራ ሰው መጀመሪያ ይሳቅበታል።

ወደ ብየዳው ከመግባቴ በፊት አርሲ ነገሌን ለማያውቅ ሰው አንድ ነገር ማስረዳት አለብኝ። ከተማዋ በእህል ገበያዋ ትታወቃለች፤ ከእህሏም ይልቅ እህሉ በመጨረሻ በሚሆነው ነገር ትታወቃለች። አረቄ። በየጓሮው ጥንስስ አለ። ቤቱን ያከራዩኝ አዴ ድንቂቱም፣ ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ልጆቻቸውን አሳድገው ለወግ ለማዕረግ ያበቁት በአረቄ ነው። እኔ ግን ከአሳዳጊዎቼ የተማርኩት ነገር አለ፤ ወደ ኃጢአት አትመልከት። ስለዚህ ስገባም ስወጣም ፊቴን ከጓሯቸው አዙሬ ነው የማልፈው። አረቄ በምን ዕቃ እንደሚወጣ፣ ዕቃው ምን እንደሚመስል አይቼ አላውቅም ነበር። ቅድስናዬ እንዲህ ጉድ ይሠራኛል ብዬ አላሰብኩም።

ለበያጁ ሥራውን በደንብ አስረዳሁት። በርሜሉ እግር ይኑረው፤ ወለሉ ላይ የፌሮ ፍርግርግ ይግባለት፤ ፊቱ ላይ በር ይቆረጥለት፤ ከአናቱ የላሜራ ቧንቧ ወጥቶ ግድግዳውን በስቶ ወደ ውጭ ይውጣ። 

"ገባኝ ቲቸር" አለኝ። ግራና ቀኙን አየት አድርጎ ድምፁን ዝቅ አደረገ። "ለማንም አልናገርም።"

ፈጠራዬን እንዳይሰርቁብኝ ተጨነቀልኝ ብዬ ልቤ ተነካ።

"የቧንቧው ጫፍ ወደ መሬት ይደፋልህ?" አለኝ።

መጽሔቱ ላይ እንዲህ አልነበረም። ነገር ግን ዝናብ እንዳይገባበት ነው፤ ባለሙያ ባለሙያ ነው ብዬ "ይደፋ" አልኩት። በኋላ እንደገባኝ፣ ሰውዬው በዕድሜው ሙሉ በርሜል ከነቧንቧ ያዘዘው ሰው ሁሉ ለአንድ ጉዳይ ብቻ ነው ያዘዘው። የእኔን ማብራሪያ የሰማው አንድ አስተማሪ እያፈረ አረቄ ማውጫ ሲያዝዝ እንደሚሰማ ነው።

በርሜሉ ተተከለ። እሳት ለኮስኩበት። መጀመሪያ የበርሜሉ ቀለም ተቃጠለና እንደ አሮጌ ጎማ ሸተተ፤ መስኮት ከፍቼ አሳለፍኩት። ከዚያ ቤቱ ሞቀ። ወዳጆቼ፣ ሞቀ ስላችሁ እንዲያው ለብ አለ ማለቴ አይደለም። ቤቱ ናዝሬት ሆነ። ሁለቱንም ሱሪ አውልቄ በቁምጣ ተቀመጥኩ። ጭስ የሚባል የለም። ራስጌዬ ያሉትን የባቡር ሐዲድ ሠራተኞች ቀና ብዬ አየኋቸውና አብሬያቸው ሳቅሁ። ሶስናን በዚያ ክፍል ውስጥ በቀጭን ቀሚስ ሆና፣ ሳትስል፣ ስትዘምር አየኋት።

ከመጽሔቱ ሥር የሚኖሩት ትኋኖችም ሞቃቸው። ለዓመታት በብርድ ደንዝዘው የኖሩ ፍጥረታት ናቸው፤ ፀደይ የመጣ መስሏቸው በሰልፍ ወጡ። እነሱን በነጭ ጋዝ አሰናበትኳቸው። ትልቅ ሥራ ያለ ትንሽ ችግር አይሆንም።

ቀጣዩ ችግር ጠብታው ነው። የማነደው እርጥብ ባሕር ዛፍ ስለነበረ እንፋሎቱ ቧንቧው ውስጥ እየቀዘቀዘ፣ በተደፋው ጫፍ በኩል ውጭ ግድግዳው ሥር ጠብ ጠብ ይል ጀመር። የጭቃ ግድግዳ ነው፤ ውሃ ከበላው ይናዳል። የሰው ቤት ነው የተከራየሁትና ማበላሸት አልፈለግሁም። አዴ ድንቂቱን ባዶ ጠርሙስ ለመንኳቸው። አንድ ሰጡኝ፤ ትክ ብለውም አዩኝ። ጠርሙሱን በሽቦ ከቧንቧው አፍ ሥር አንጠለጠልኩት።

አሁን እስቲ ውጭ ቆማችሁ እዩት። ውስጥ በርሜል ይነዳል። ከበርሜሉ ቧንቧ ይወጣል። ከቧንቧው ጠብ ይላል። ጠብታው ጠርሙስ ውስጥ ይገባል። ነገሌ ውስጥ ይህን አይቶ "መምህሩ በርዶት ነው" የሚል ሰው ካለ ለአገሩ እንግዳ ነው። እኔ ግን በሥራዬ ኮርቼ ሳፏጭ ነበር የምውለው።

መጀመሪያ የመጡት ባሻ በየነ ናቸው፤ ጡረታ የወጡ ወታደር፣ ጎረቤቴ፣ ጧት አፋቸውን በአረቄ ሳይሽሩ ከሰው የማይነጋገሩ። ከትምህርት ቤት ስመለስ ግድግዳዬ ሥር ቆመዋል፤ ጠርሙሱ እጃቸው ላይ ነው፤ ጢማቸውን ይጠርጋሉ።

"ባሻ፣ ምን አደረጉ?" አልኩ ደንግጬ።

"ልጄ" አሉኝ ዓይናቸው እንባ አቅርሮ፣ "ይሄን ጥበብ ይዘህ ነው እስከ ዛሬ ካርታ ስታስተምር የኖርከው?"

"ባሻ፣ እሱ እኮ የጭስ ላብ ነው። እባክዎ ይትፉት።"

"ስሙ የፈለገውን ይሁን" አሉኝ። "ሲጎነጩት ኮሶን ያስንቃል፤ ሆድ ሲገባ ግን ይናገራል።"

ተጨንቄ ውሃ አጠጣኋቸው፤ ወተትም አጠጣኋቸው። ምንም አልሆኑም፤ እንዲያውም የቆየ የሆድ ቁርጠታቸው ለቀቃቸው። ቢታመሙ ይሻለኝ ነበር ማለት ኃጢአት ነው፤ ስለዚህ አልልም። ከአፍ የወጣ አፋፍ ነውና በማግስቱ ከተማው "ቲቸር መድኃኒትነት ያለው አረቄ ያወጣል" አለ። ለሆድ ትል፣ ለጉንፋን፣ ለወገብ ጠርሙስ ይዞ የሚመጣ በዛ። ጠርሙሱን እየደፋሁ፣ ሰዉን እየመለስኩ ሰነበትኩ። መመለሴን ሰው ሁሉ የወሰደው ለጥንቃቄ ነው። "ለማያውቀው ሰው አይሸጥም" ተባለልኝ፤ ስሜ ይበልጥ ገነነ።

ቀጥሎ በሬ የሚያደልብ አንድ ሰው መጣ።

"ቲቸር፣ አተላህን ለማን ነው የምትሰጠው?"

"አተላ የለኝም። ያለኝ አመድ ነው።"

"ለሌላ ሰው ቃል ገብተሃል ማለት ነው?"

"ወንድሜ፣ ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ነው የመጣኸው። ይሄ ማሞቂያ ነው።"

ሰውዬው አዝኖ ሄደ። "ከዚህ በፊት አተላውን የሚወስድ ዘመድ ቢኖረው ነው" ብሎ አስወራ።

ከዚያ አዴ ድንቂቱ አንድ ጧት ጋቢያቸውን ተከናንበው መጡ።

"አካም ቡልቴ ቲቸር?"

"እግዚአብሔር ይመስገን፣ እርስዎስ እንዴት አደሩ?"

"እኔ አላደርኩም። ቤት ሳከራይህ ትጠጣለህ ወይ ብዬ ጠየቅሁ፤ አልጠጣም አልክ። አሁን እኔ ጓሮ አጠገብ ገበያ ከፈትክ። እኔ ላንተ እንደ እናት አይደለሁም? ብትነግረኝ ምን ነበር?"

ሁሉንም ከመጀመሪያው አጫወትኳቸው፤ ሶስናን፣ ደረቷን፣ አባቷን፣ የመጽሔቱን ሥዕል። ሥዕሉን ቀረብ ብለው አዩት። "እነዚህ ጠጥተው ነው የሚስቁት" አሉኝ። ከዚያ ወጥተው ቧንቧውን በጣታቸው ነካ አደረጉና በሐዘን ራሳቸውን ነቀነቁ። "ቧንቧህ ውሃ ውስጥ አያልፍም። እንዲህ ከሆነ እንፋሎቱ ይባክናል። ልጄ፣ ማወቅ ከፈለግህ ጠይቀኝ እንጂ አትደብቀኝ።" ከሄዱም በኋላ ከበሩ ተመልሰው "ጌሾህን ከማን ነው የምትገዛው?" አሉኝ።

ይህ ሁሉ እየሆነ እኔ እስቅ ነበር። እውነት ወጥቶ ይታያል፤ በርሜሉ በር አለው፤ ከፍቶ ማየት ነው። የሣቄ መጨረሻ የመጣው ጓድ ገመቹ ሲመጣ ነው።

ገመቹ የቀበሌያችን የአብዮት ጥበቃ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ጠመንጃውን አንግቶ በደጄ ሲመላለስ ዓመት ሙሉ አይቼዋለሁ፤ ሠፈሩን የሚጠብቅ ነበር የሚመስለኝ። ያን ዕለት ሳይጋበዝ ገባና በርሜሉ አጠገብ ተቀምጦ እጁን ሞቀ።

"ቲቸር፣ አሁን ስላለፈ ልንገርህ" አለኝ። "እኛ አንተን ጴንጤ ነው ብለን ስንከታተልህ ነበር። አትጠጣም፣ አታጨስም፣ ሰው አትሳደብም። ሌላ ምን እንበል? ቤትህ ሰው ሰብስበህ ስትጸልይ ልንይዝህ ነበር። አሁን ግን አረቄ እንደምታወጣ ሲሰማ ሊቀመንበሩ ራሳቸው 'ተዉት፣ ሰው ነው' አሉ።"

ከሁለት ያጣ ጎመን ማለት ምን እንደሆነ የገባኝ ያኔ ነው። አረቄ አላወጣም ካልኩ እስር ቤት ነኝ። አወጣለሁ ካልኩ ውሸታም ነኝ፤ ሶስናም ቀረች። ዝም አይነቅዝም ብዬ አላመንኩም፣ አልካድኩምም፤ እንጨት ጨመርኩበት። ገመቹ ሞቆት ሄደ።

ነገሌና ናዝሬት መሐል ደግሞ የአውቶቡስ ረዳት የሚባል ፍጡር አለ። ወሬው ዝዋይ ሲደርስ አንድ በርሜል የነበረው ሞጆ ሲደርስ ፋብሪካ ሆኗል። ሶስና ትምህርት ቤት ድረስ ስልክ ደወለች። ስልኩ ያለው ዳይሬክተሩ ጠረጴዛ ላይ ነው፤ ዳይሬክተሩም ጆሮ አለው።

"አባዬ ሰምቷል" አለችኝ። "ከሽማግሌዎቹ ጋር እየመጡ ነው። አረቄ ከሆነ ነገሩ አለቀ፣ ስሙን እንዳታነሺብኝ ብሏል። እባክህ ያን ነገር አውጥተህ ጣለው።"

"ብጥለው ሙቅ ቤቱን በምን አሳያቸዋለሁ?" አልኳት። "አይዞሽ። ይምጡ።"

እውነቱን ልናገር፤ ሶስናን ማጣት ማለት ምን እንደሆነ የዳይሬክተሩ ጠረጴዛ ጠርዝ ላይ ተደግፌ ነው የገባኝ። ቢሆንም ቤት ገብቼ በርሜሉን ከምንጊዜውም አብልጬ አነደድኩት። ሥራዬን አምነዋለሁ፤ ቢፈርዱብኝም በሙቀት ይፍረዱብኝ።

ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል መጡ። ጋሽ መኮንን ከፊት፣ ካፖርታቸውን እስከ አንገታቸው ቆልፈው። ከኋላቸው አቶ ሽፈራው፣ ከአማኞቹ ሁሉ አረጋዊ፣ ንግግር የማያበዙ። ከሁለቱ ጎን ወንድም ኤልያስ፣ በቅርቡ የተመረጠ ወጣት፣ ሥርዓቱን ከጻፉት ሰዎች በላይ የሚያውቅ። ሦስቱም ጥቁር ቦርሳ ይዘዋል፤ ቦርሳው ውስጥ ያለውን መጽሐፍ ለእናንተ መንገር አያስፈልገኝም። የግቢው በር ላይ ባሻ በየነ ከነጠርሙሳቸው ቆመው ነበር።

"ከኋላዬ ይሰለፉ ጌታው" አሏቸው ለጋሽ መኮንን። "ዛሬ ይሰጠናል መሰለኝ።"

እንግዶቹ አልፈዋቸው ገብተው ተቀመጡ። ቤቱ ይነዳል። ሦስቱም ላብ ጀምሯቸዋል፤ ግን ካፖርቱን የሚያወልቅ ሰው አልተገኘም፤ የፍርድ ልብስ ሆኖባቸዋል።

"ያየነውን አይተናል" ብሎ ጀመረ ወንድም ኤልያስ።

የበርሜሉን በር ከፈትኩት። "ይኸው እሳት፣ ይኸው እንጨት። ጥንስሱ የታለ?"

"ውጭ የተሰቀለው ጠርሙስስ?"

ፈትቼ አመጣሁት። ግማሽ ድረስ ሞልቷል። "ይሄ ከጭሱ የሚንጠባጠብ ውሃ ነው። አረቄ አይደለም" አልኩ።

"አረቄ አለመሆኑን በምን አወቅህ?"

"እኔ አረቄ ቀምሼም አላውቅም።"

"ካላወቅህ ታዲያ እንዴት አይደለም ትላለህ?"

 ዕድሜ ልኬን ከመጠጥ ርቄ መኖሬ ምስክርነቴን ዋጋ አሳጣው። ወንድም ኤልያስ የረታ ሰው ፊት አሳየኝ።

ጋሽ መኮንን እጃቸውን ዘረጉና ጠርሙሱን ተቀበሉኝ። አሸተቱት። ጥቂት መዳፋቸው ላይ ጠብ አደረጉና በሌላው መዳፋቸው አሽተው እንደገና አሸተቱት። ከዚያ በምላሳቸው ጫፍ ነካ አደረጉት። ዓይናቸውን ጨፍነዋል።

በሩ ተከፈተ፤ ገመቹ ነው። ጠመንጃው ትከሻው ላይ አይደለም፤ እጁ ላይ ነው። ጥቁር ቦርሳ የያዙ እንግዶች መግባታቸውን ሰው ነግሮት ነው የመጣው። ቦርሳዎቹን አየ፤ ፊታችንን በየተራ አየ። አንዱ ቦርሳ ቢከፈት አራታችንም የምናድረው ቀበሌ እስር ቤት ነው።  በመጨረሻ ገመቹ ጋሽ መኮንን እጅ ላይ ያለውን ጠርሙስ አየ።

"አባት፣ እንዴት ነው የቲቸር?" አላቸው።

ጭንቀቴ ይህ ነበር። ጋሽ መኮንን ለነፍሳቸውም ቢሆን አይዋሹም። "ጥሩ ነው" ቢሉ ሁላችንም በሰላም እናድራለን፤ እሳቸው ግን አይሉም።

"ይሄ አረቄ አይደለም" አሉ።

የገመቹ ግንባር ተቋጠረ።

"አረቄ መዳፍ ላይ ሲያሹት ወዲያው ይተናል፤ እጅህን ያቀዘቅዘዋል" ብለው ቀጠሉ፣ ዓይናቸውን ሳይገልጡ። "ይሄ ይለጠፋል። ተራው እንኳ ቢሆን ከኋላ የብቅል ሽታ አለው። ሁለቴ የወጣው ዳግም ሲሆን ደግሞ ምላስ ላይ ምንም አይልህም። እንደ ውሃ ነው የሚወርደው፤ ደረትህ ጋ ሲደርስ ነው ቀስ ብሎ የሚነሣው። ይሄ ገና ከንፈር ላይ ይጮሃል። የነገሌን ዳግም የቀመሰ ሰው ይሄን አረቄ ብሎ አይጠራውም።"

የገመቹ ግንባር ተፈታ። ሣቀ፤ ጠመንጃውን መልሶ አነገተው።

"አባት፣ እርስዎ የጥንት ነዎት" አላቸው። "ቲቸር ገና ለማጅ ነው፤ ይታገሡት። በሉ ተጫወቱ።" ሙቀቱ እንዳይወጣብን በሩን ቀስ አድርጎ ዘጋልን።

ኮቴው እስኪርቅ ጠበቅን። ከዚያ ወንድም ኤልያስ ጉሮሮውን ጠራረገ።

"ጋሽ መኮንን" አለ። "ዳግም ምላስ ላይ ምንም እንደማይል… እርስዎ ከየት አወቁት?"

ጋሽ መኮንን እሳቱን ያያሉ። እስከዚያች ሰዓት አንዲት ቃል ያልተነፈሱት አቶ ሽፈራው እጃቸውን ዘርግተው ጠርሙሱን ወሰዱ፣ አንድ ጊዜ አሸተቱና መለሱላቸው።

"ልክ ናቸው" አሉ። "ዳግም እንዲህ አይደለም።"

በዚያ ቤት ውስጥ አረቄ ቀምሰን የማናውቀው ከሳሽና ተከሳሽ ብቻ ነበርን።

ጋሽ መኮንን ተነሥተው ካፖርታቸውን አወለቁና ወንበሩ ላይ ጣል አደረጉት። ሲቀመጡ ያ የምፈራው ሰው አልነበሩም፤ የደከማቸው አባት ነበሩ። "ከማመኔ በፊት እዚህ አገር እህል ስነግድ ነው" አሉ ዝግ ብለው። "ክፉ ዓመታት ነበሩ። ሶስና አታውቅም።"

"ከኔ አትሰማም" አልኳቸው። ከልቤ ነው ያልኩት።

ቤቱን ዞር ዞር ብለው አዩት። ግድግዳውን በእጃቸው ነኩ፤ ጭስ እንዳለ ለማወቅ ደጋግመው ተነፈሱ። 

"እዚህ ቤት ደረቷን አያማትም" አሉኝ በመጨረሻ። "ሰርጉ ጥር ላይ ይሁን።"

እጃቸውን ልስም ጎንበስ ስል ከለከሉኝ። ጠርሙሱን በጣታቸው ጫፍ ከአጠገባቸው ገፋ አደረጉት።

"ይሄን ግን ውጭ ደፍተህልኝ ና" አሉኝ። "አረቄ አይደለም፤ አውቃለሁ። ቢሆንም አጠገቤ አይቀመጥ።"